ሚዛን የማያየው እንቅስቃሴ

ሐረርን ለዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ መድረቁን የሚያስታውስ ሰው «ከአየር ውኃ የሚቀዳ ክሪስታል ተገኘ» ሲባል ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም። ኪታጋዋ፣ ሮብሰንና ያጊ በ2025 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት እንዲህ ላሉ፣ ውስጣቸው ቀዳዳ ብቻ ለሚመስል ክሪስታሎች ነው። እኔን ቅር የሚለኝ አመዛዘናችን ነው። አንዱ ኪሎ ስንት ሊትር ይይዛል ብለን እንጠይቅና እዚያው እንቆማለን። ሌሊት የገባው ውኃ ቀን በፀሐይ ካልወጣ መያዙ ምን ይረባል? መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሞለኪውሉ በቀዳዳው ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ ይህን የሚያሳየው ደግሞ ቁስ ለጨረር የሚሰጠውን ምላሽ የሚያነበው ስፔክትሮስኮፒ ነው።

«ናሙናውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ክብደቱ ሲጨምርና ሲቀንስ ማየት አይበቃም?» የሚል አይጠፋም። አይበቃም። የሐረር የጀጎል ግንብ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን የሚቆጥር ሰው፣ በሩ ከተጨናነቀ፣ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች ሰው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ሊያውቅ አይችልም። ሚዛንም የክሪስታሉን ገጽ፣ የሙቀቱን መዘግየትና የውስጡን ጉዞ አንድ ላይ ደባልቆ ነው የሚያሳየው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዮርግ ኬርገርና ባልደረቦቹ ላይፕዚግ ውስጥ በኤንኤምአር፣ ማለትም የአቶም አስኳሎች በመግነጢስ መስክ ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት በሚያነብ የስፔክትሮስኮፒ ስልት ሲለኩ፣ ዜኦላይት በሚባሉ አንዳንድ ቀዳዳማ ማዕድናት ውስጥ ሞለኪውሎቹ በሚዛን ከተገመተው በብዙ ሺህ እጥፍ ፈጥነው ተገኝተዋል።

ከኤንኤምአር ስልቶች እኔ የማደላው ለዲዩተሪየም፣ ለከባዱ ሃይድሮጂን፣ ነው። በተራው ውኃ ፈንታ ከባድ ውኃ ክሪስታሉ ውስጥ ይገባል። ሞለኪውሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ የተዘረጋ፣ ሁለት ቀንድ ያለው ምልክት ይወጣል፤ እንደ ልቡ ከተሽከረከረ ቀንዶቹ ጠፍተው አንድ ቀጭን መስመር ይቀራል። በቦታው ሆኖ ብቻ ሲገላበጥ ቅርጹ ሌላ ነው። ሙቀቱን እየቀያየሩ ይህን ማንበብ እንቅስቃሴው ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያስረዳል። መሽከርከር ግን መጓዝ አይደለም፤ ለጉዞው የኬርገር ዓይነት ልኬት ወይም የኒውትሮን ብተና ያስፈልጋል።

ሐረር የሚያስፈልጋት ቧንቧና ጉድጓድ ነው ለሚለኝ መልስ የለኝም፤ እውነቱን ነው። የትኛውም ክሪስታል ከተማ አያጠጣም። ሙያው ግን ውድ መሣሪያ ላለው ብቻ የተተወ አይደለም። በኢንፍራሬድ መሣሪያ በሴንቲሜትር ከ3,200 እስከ 3,700 ባለው የሞገድ ቁጥር ውስጥ ውኃው ከግድግዳው ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ይታያል። ናሙናም ከባሕር ማዶ አይገዛም፤ ፍሎራይድን ከመጠጥ ውኃ ለማስወገድ የተሞከረው ስቲልባይት የተባለ ዜኦላይት የኢትዮጵያ ድንጋይ ነው።