የገበሬው ሒሳብ ከካርቦን ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ የገበሬዎች መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ፣ ከማዳበሪያ መጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን አነስተኛ ክፍል አለች። መደርደሪያው ላይ ጀርባቸው የተገነጠለ ሌጀሮችና በሲባጎ የታሰሩ ደረሰኞች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ የተሸፈነ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ይህ ኮምፒዩተር ከመጣ አንድ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ያገለግል የነበረው ለስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ መጻፊያ ብቻ ነበር። የማኅበሩ ሒሳብ የሚሠራው እንደ ወትሮው በእጅ፣ ሦስት ቅጂ በሚያወጣ ደረሰኝና በካርቦን ወረቀት ነው።

ሁኔታው መለወጥ የጀመረው የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ ወደ ወረዳው ከተማ እየተመላለሰች መሠረታዊ የኮምፒዩተር ትምህርት ከያዘች ወዲህ ነው። ወጣቷ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አላት። ዴቢትና ክሬዲትን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሆኖም በኮሌጅ ሳለች ተማሪው ለአንድ ማሽን ተራ ይጠብቅ ስለነበር፣ የኮምፒዩተሩን ቁልፍ የነካችው በጣት በሚቆጠሩ ቀናት መሆኑን ትናገራለች።

ለትምህርቱ ያነሣሣት ከባድ ጉዳይ ነበር። የቁጥጥር ኮሚቴው ባደረገው ቆጠራ በሳጥን ያለው ገንዘብ በሌጀሩ ከሰፈረው በ2,700 ብር አንሶ ተገኘ። ገንዘብ ያዧ ከኪሳቸው እንዲተኩ ሐሳብ ቀረበ። በአባላቱም ዘንድ ሹክሹክታው በዛ። እንዲህ ባለው ማኅበር ሒሳቡ ተመርምሮ ሳያልቅ የዓመቱ ትርፍ አይከፋፈልም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአንዲት ሴትዮ ስም ብቻ ሳይሆን ጤፉን ለማኅበሩ ያስረከበው ገበሬ ሁሉ ጉዳይ ነበር።

ወጣቷ በዚያን ሰሞን የተማረችውን ለመለማመድ ያህል የሱቁን የገንዘብ ደረሰኞች አንድ በአንድ ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ታሰፍር ነበር። ድምሩ በሳጥን ካለው ገንዘብ ጋር ገጠመ፤ ከሌጀሩ ጋር ግን አልገጠመም። ልዩነቱን ለዘጠኝ ስታካፍለው ያለ ቀሪ 300 ወጣ። የሒሳብ ልዩነት ለዘጠኝ እኩል ሲካፈል የሁለት አኃዞችን ቦታ መለዋወጥ መጠርጠር የቆየ የመዝገብ ሠራተኞች ዘዴ ነው። ደረሰኞቹን ከሌጀሩ ጋር ስታመሳክር የአንድ ዕለት ሽያጭ 5,830 ብር ሆኖ ሳለ፣ ካርቦኑ ገርጥቶ በሌጀሩ 8,530 ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ገንዘብ ያዧ ነጻ ወጡ። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ስሕተቱን ያገኘው ኮምፒዩተሩ አለመሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ደረሰኞቹን እንደገና ከመጀመሪያው እንድታያቸው ማስገደዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዓመቱ ሒሳብ ሁሉ ወደ ሠንጠረዡ እንዲገባ ኮሚቴው ወሰነ። ችግሩ የተጀመረውም ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት የዘመን አቆጣጠሩ ነበር። ኤክሴል በተለመደው አሠራሩ የሚከተለው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። ማሽኑ በአሜሪካውያን አጻጻፍ እንደተሰናዳ ከመጣ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል። በዚህ ምክንያት ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም ለማለት 5/13/2016 ብትጽፍ፣ ማሽኑ በፈረንጆቹ ሜይ 13 ነው ብሎ ይቀበላታል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላ ስትጽፍ ደግሞ ቀን መሆኑን አላውቅም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ሠንጠረዡ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር ሲባል የጥቅምት ሽያጭ ከሁሉ በታች ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ተጻፉ፤ ወሩም ከ1 እስከ 13 በቁጥር ተሰየመ። ይህ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ለሚዘልቀው የበጀት ዓመትም ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለተኛው እንቅፋት የፊደላችን ነው። አንዱ ጸሐፊ «ዓለሙ» ሲል ሌላው «አለሙ» ይላል፤ «ኃይሉ»ም በሌላ ቦታ «ሀይሉ» ነው። አንባቢ አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ማሽኑ ግን ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ለአባላቱ ይህ የወግ ነገር አይደለም። የትርፍ ክፍፍሉ በከፊል አባሉ በገዛው ዕጣ፣ በከፊል ደግሞ በዓመቱ ለማኅበሩ ባስረከበው ምርት መጠን የሚሰላ ስለሆነ፣ በሁለት ፊደል የተጻፈ ገበሬ ጤፉ ለሁለት ይከፈልበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የአባልነት ቁጥር ተሰጠው። አሁን የምትጠቀምበት ቀመር የሚደምረው ስምን ሳይሆን ቁጥርን እያየ ነው። ቀደም ሲል በሌጀር ስም እየፈለጉ ሲደመር ሳምንታት ይወስድ የነበረው ሥራ አሁን ቀመሩ ከተጻፈ በኋላ የአፍታ ሥራ ሆኗል።

ሌሎቹ ስሕተቶች ጥቃቅን ነበሩ። ከገንዘቡ መጠን ጎን «ብር» ብሎ በአንድ ሣጥን መጻፍ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍነት ስለሚለውጠው ድምሩ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ቫይረስ ያለበት ፍላሽ አንድ ጊዜ የሁለት ሳምንት ሥራ አጥፍቷል። መብራትም በሚጠፋበት ሰዓት አስጠንቅቆ አይጠፋም።

የሠንጠረዡ ፕሮግራም አመጣጥ ራሱ ከሌጀር የራቀ አይደለም። ቪዚካልክ የተባለውን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ የግል ኮምፒዩተር ፕሮግራም ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን በገበያ ላይ ያዋሉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ነው። ዓላማው አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ሌላውን ሁሉ እየሰረዙ እንደገና ከማስላት መገላገል ነበር።

በዚያው የአውሮፓ ዓመት፣ በእኛ 1971 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመቻ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጡም። በሌጀር ላይ ስሕተት ሲገኝ አይፋቅም፤ መስመር ይሰመርበትና ይፈረምበታል። በማሽኑ ግን ቁጥሩ ተሰርዞ ሌላ ሲተካ ምልክት እንኳ አይታይም። ሽማግሌው ወጣቷን «ልጄ፣ ዛሬ ያየሁትን ነገ ባጣው ማንን እጠይቃለሁ?» ብለው ጠየቋት። ጥያቄው የቴክኒክ ዕውቀት ከሌለው ሰው የመጣ ቢሆንም፣ ከአሠልጣኞቹ አንዳቸውም ያላነሡት ዋና ነገር ነው።

ከብዙ ንግግር በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የተሳሳተ ቁጥር አይነካም፤ በእሱ ፈንታ በአዲስ ረድፍ ማቃለያ ይጻፋል። በየወሩ መጨረሻ ሠንጠረዡ ታትሞ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዧ ይፈርሙበታል፤ ከዚያም ይጠረዛል። ቀመር ያለባቸው ሣጥኖች በይለፍ ቃል ተቆልፈዋል። ለመጋዘኑም የገቢው ሞዴል 19ና የወጪው ሞዴል 22 እንደ ድሮው በእጅ ተፈርመው ይቀመጣሉ። አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጣል።

በወረዳው ከተማ ማስታወቂያ ላይ ፒችትሪን በአጭር ጊዜ እናስተምራለን የሚል ጽሑፍ አይታጣም። ፒችትሪ የሒሳብ መዝገብን በሙሉ የሚይዝ ፕሮግራም ሲሆን፣ ስሙ በሌላ ከተተካ ዓመታት ቢያልፉም በአገራችን የሚጠራው በቀድሞው ነው። ሆኖም ፋይል የት እንዳስቀመጠ የማያውቅ ሠልጣኝ የምስክር ወረቀት ይዞ ቢወጣ ማኅበሩ የሚጠቀመው ነገር የለም። ወጣቷ ገና ወደዚያ አልደረሰችም፤ አትቸኩልምም።

የአባላቱ ዝርዝር ታትሞ በመጋዘኑ በር ላይ በተለጠፈ ዕለት፣ ሰብሳቢው ደረሰኞቻቸውን ከላስቲክ ከረጢት አውጥተው በእርሳስ እያመላከቱ ከቁጥራቸው ፊት ያለውን አነበቡ። ሁለት ኩንታል ጤፍ ጎደለ። ወጣቷ «እስቲ ደረሰኙን ያሳዩኝ ጋሼ» ብላ ተቀበለቻቸውና በደረሰኙ ቁጥር ፈለገችው። በጎረቤታቸው የአባልነት ቁጥር ላይ ተመዝግቦ ኖሯል። ሁለት አዲስ ረድፍ ጻፈች፤ አንዱ ከጎረቤታቸው የሚቀንስ፣ አንዱ ለእሳቸው የሚጨምር። ወረቀቱ እንደገና ታተመ። ሽማግሌው የድሮውን አልጣሉም፤ ከአዲሱ ጋር አያይዘው በሁለቱም ላይ ፈረሙ።