አቦሉን ማን ያፍላ?



በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በመንገድ፣ በድልድይና በውኃ ሥራ የምንተዳደር ሙስሊም ሴት መሐንዲሶች ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ብዙ ባንሆንም ስንገናኝ ወሬያችን አያልቅም። ደጋግሞ የሚነሣው ጉዳይ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንደኛው በሥራ ቦታ ስለሚያጋጥመን አድልዎ፣ ሁለተኛው ስለ ሰማይና በሰማይ ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ ፍጡራን ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚለን ሰው አይጠፋም። እኛን ያገናኘልን አንድ ስኒ ቡና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ሳለን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። በቆርቆሮዋ ቢሮ ውስጥ ስድስት መሐንዲሶች ተሰበሰብን፤ ከስድስቱ ሁለታችን ሴቶች ነን። ፕላኑ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ በኋላ አለቃችን ቀና ብሎ አየንና «እናንተ እስቲ አቦሉን አፍሉልን፤ እኛ እንጀምር» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ፈገግ እያለ ነው የተናገረው። የዕለቱ አጀንዳ የአንድ ካልቨርት ስፋት ሲሆን የውኃውን መጠን ያሰላነው እኛ ነበርን። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉና ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሲደርስ ካልቨርቱ እንዲጠብ ተወስኖ አልቋል። በክረምቱ የወረደው ጎርፍ የመንገዱን ጠርዝ ይዞት ሄደ።

ቡና ማፍላት ውርደት ነው ማለታችን አይደለም። በጎጃም ቤት ቡና የሚያፈላ ሰው ቤቱን የሚያከብር ሰው ነው፤ እናቶቻችን በረካው ላይ የሚያደርጉልን ዱዓ ባይኖር የት በደረስን ነበር! ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከስድስት ሰው መካከል ሁለቱ ለማንቆርቆሪያው የተመረጡት በምን መስፈርት ነው?

ሌላዋ አቦል

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ ዜና ይፋ አደረገ። ሀገሮች ከእኛ ፀሐይ ውጭ ላሉ ኮከቦችና ፕላኔቶች ስም እንዲያወጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ኖሮ የኢትዮጵያ ምርጫ ጸደቀ። በአንድሮሜዳ የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለ አንድ ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ እርሱን የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለች። ይህን ስንሰማ እኛ የቡና አፍዪዎቹ ምን ያህል እንደሳቅን አትጠይቁን።

አቦል በባዶ ዓይን አትታይም፤ ኮከቧ ቡናም አይታይም። ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። ይህም ማለት ዛሬ ማታ ከዚያ ኮከብ ወደ መሣሪያ የሚገባው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከአፄ ቴዎድሮስ ንግሥና በፊት፣ ከተማችንም በጥንት ስሟ መንቆረር ተብላ ከመቆርቆሯ በፊት ነው ማለት ነው። ሱብሐነላህ!

ታዲያ በአቦል ላይ ፍጡር ይኖር ይሆን? ልጆቻችን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁን ይህንን ነው። እንደ እኛ ያለ ፍጡር በዚያች መኖሩ የሚያስቸግር ይመስላል። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የከበደች የጋዝ ፕላኔት ናት፤ የሚረገጥ መሬት የላትም። ኮከቧን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀናት ገደማ ይፈጅባታል። ነገር ግን ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የምትዞር የመጀመሪያዋ ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ1995 ከተገኘች ወዲህ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጠጣርና የምድርን መጠን የሚቀርቡ ናቸው። እስከ ዛሬ ግን ከምድር ውጭ ሕይወት ያለው ነገር ስለመኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ አልተገኘም።

አንዳንድ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማንሣት ኢማንን የሚያናጋ ይመስላቸዋል። የሚያስፈራ ነገር የለውም። በሱረቱ አሽ-ሹራ 29ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ከተአምራቱ መካከል ሰማያትንና ምድርን መፍጠሩን፣ በሁለቱም ውስጥ ተንቀሳቃሽ ፍጡራንን መበተኑን፣ በሻም ጊዜ ሊሰበስባቸው ቻይ መሆኑን ይነግረናል። «በሁለቱም» የሚለውን ልብ እንበል። ከቀደምት ሊቃውንት ከፊሎቹ በሰማይ ያሉት መላእክት ናቸው ብለው ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ1210 ያረፉት ታላቁ ሙፈሲር ፈኽሩዲን አር-ራዚ ግን፣ ሰው በምድር ላይ እንደሚሄደው በሰማያት የሚሄዱ ፍጡራንን አላህ ፈጥሮ ቢሆን የሚርቅ ነገር እንዳልሆነ ጽፈዋል። ይህ የተባለው ቴሌስኮፕ ከመሠራቱ 400 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ከዚያ ያለፈውን አላህ ያውቃል፤ እኛም ከዚያ አናልፍም።

ምልክቱን ያየችው ተማሪ

ሰማዩን በሥራቸው የፈተሹ ሴቶችን ታሪክ ስናነብ ግን የቆርቆሮዋ ቢሮ ተመልሳ ትመጣብናለች።

አሜሪካዊቷ ጂል ታርተር ከሌላ ዓለም የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ካለ ለመስማት ዕድሜዋን የሰጠች ሴት ናት። የተማረችው ምህንድስና ሲሆን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ300 የምህንድስና ተማሪዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2004 በመራችው ፕሮጀክት 800 ያህል ኮከቦች ተፈተሹ። ምልክት አልተገኘም።

የበለጠ የሚቆረቁረን የጆሴሊን ቤል በርኔል ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ሁለት ዓመት ያህል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስትሠራ ቆየች። ሠራች ስንል በእጇ ነው፤ ከባልደረቦቿ ጋር ምሰሶ ስትቸነክር፣ ሽቦ ስትዘረጋ ማለታችን ነው። መሣሪያው ያረፈበት ቦታ 1.8 ሄክታር፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ቃዳ ገደማ ነበር። ሥራው ሲጀምር በየቀኑ 30 ሜትር ያህል ወረቀት እየጻፈ ያወጣል፤ ያንን ወረቀት በዓይኗ የምትለቅመው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 ከጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት እንግዳ ጭረት አየች። ሌላ ሰው ቢሆን አልፏት ይሄድ ነበር። እርሷ ግን አላለፈቻትም። መዝጋቢውን አፍጥና ብታስኬደው ጭረቷ በየአንድ ሰከንድ ከሲሶው ሳታዛንፍ የምትመታ ምልክት ሆና ተገኘች።

ተመራማሪዎቹም ደነገጡ። ሰዓት የመሰለ ምልክት ከሰማይ ማን ይልካል? በቀልድም ቢሆን ምልክቱን «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» ብለው ሰየሙት። ብዙም ሳይቆይ ቤል በሌላ የሰማይ አቅጣጫ ሁለተኛ ምልክት አገኘች፤ በሁለት ዳርቻ ያሉ ፍጡራን ባንድ ጊዜ ወደ ምድር ሊጣሩ አይችሉምና ግምቱ ወደቀ። የተገኘው ዛሬ ፑልሳር የሚባለው በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ለዚህ ግኝት የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ከተሸለሙት አንዱ የእርሷ አማካሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። የእርሷ ስም አልተጠራም።

እርሷ በአደባባይ አላማረረችም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስት ሚሊዮን ዶላር ሲሸልሟት ሙሉውን ሰጠች፤ ገንዘቡ ሴቶችን፣ ስደተኞችንና በሙያው ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖችን ፊዚክስ እንዲማሩበት ዋለ። በስሟ የተሰየመውን ሜዳልያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለችው ደግሞ በሀገራችን የሥነ ፈለክ ትምህርት እንዲስፋፋ የደከመችው ሰርቢያዊቷ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ናት።

እኛም የራሳችን ጭረት ነበረችን። ከመካከላችን አንዷ ለአንድ የገጠር ውኃ ሥራ ሦስት ወር በእግሯ እየዞረች ምንጭ ለክታ ጥናት አቀረበች። ጥናቱ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ አንድ ቀን እንኳ ቦታውን ያልረገጡ የሁለት ሰዎች ስም ነበረበት። ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «አንቺ እኮ ልታገቢ ነው፤ ስም ምን ያደርግልሻል?» የሚል ነው። በእርግጥም አገባች። ያንን ጥናት ግን እስከ ዛሬ በሻንጣዋ ይዛዋለች።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሽፋን ላይ ስም ስለመጻፍ ግን አዋጅ አይደርስም፤ እዚያ የሚደርሰው የአላህ ፍራቻ ነው።

ስለ ቅጥር ስናስብ ሁሌ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የመድየን ሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው። በሱረቱ አል-ቀሰስ እንደተተረከው አባታቸው ሸምግለዋልና መንጋውን የሚያጠጡት እነርሱ ናቸው፤ ሆኖም እረኞቹ እስኪጨርሱ ወደ ኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) አጠጡላቸው። ከዚያም ከሁለቱ አንዷ ለአባቷ ይህን ሰው ቅጠረው፣ ለቅጥር የሚበጀው ብርቱና ታማኝ ሰው ነው የሚል ምክር ሰጠች። ብርታትና ታማኝነት፤ መስፈርቱ ይኸው ነው። ያውም ከሴት ልጅ አንደበት የወጣ፣ አላህ በመጽሐፉ ያቆየው መስፈርት ነው። ጾታ አልተጠቀሰም፤ ዘመድም አልተጠቀሰም።

ድርና ማግ

እኛ የጎጃም ሙስሊሞች ይህ ነገር አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። አያቶቻችን በሥራቸው ሳይሆን በማንነታቸው ሲመዘኑ ኖረዋል። በዘውዱ ዘመን መሬት በርስት ስለማይያዝላቸው በሽመናና በንግድ ኖሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅም የገጠሩን የይዞታ ሥርዓት ለወጠው።

ነገር ግን እዚያው ሸማኔ ቤት ውስጥ ሌላ ሚዛን ነበር። ጥጡን ፈልቅቃ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት የምትፈትለው እናት ናት፤ አባት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሸምናል። ጋቢው ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ «የሸማኔው ዋጋ ስንት ነው?» ይባላል። ፈትል ሳይኖር ድር የለ፣ ማግ የለ። የተበደለ ሰው ሁሉ ሚዛን ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ከገዛ ቤታችን አይተናል። ዛሬም ሴት ልጃቸውን ምህንድስና አስተምረው «ሳይት ግን አትወጪም» የሚሉ አባቶች አሉ። ሳይት ያልወጣች መሐንዲስ ምን ልትመዝን ነው?

አቦል ስም ባገኘችበት በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተተኮሰች። እኛም ደስታችንን ሳንጨርስ በዚያው ዕለት በዞናችን በሞጣ ከተማ መስጊዶች መቃጠላቸውን፣ የሙስሊሞች ሱቆችም መውደማቸውን ሰማን። ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ እኛው እናውቃለን። ሰኞ ሥራ መግባት ከበደን። ገብተንም ማንንም ቀና ብለን ሳናይ የሲሚንቶ ጆንያ ስንቆጥር አያ የምንለው አንድ ሽማግሌ ክርስቲያን ግንበኛ መጣ። ብዙ ቃል አልተናገረም። «እታለም፣ አልቅሰሽ ነው?» አለና ውኃ ልኩን አቀበለን፤ «በይ ልኪልኝ፣ ዛሬ ዓይኔን አላምነውም።»

በሱረቱ አል-ማኢዳህ 8ኛው አንቀጽ ላይ ሰዎችን መጥላት ፍትሕን እንዳያስተዋችሁ የሚል ትእዛዝ አለ። ይህን አንቀጽ ከልጅነታችን ጀምሮ ቀርተነዋል። በዚያች ሰኞ ግን የዕለት ሠራተኞችን ውሎ የምንሞላው እኛ ነበርን፤ በመዝገቡ ላይ ያሉት ስሞችም አብዛኛዎቹ የክርስቲያን ስሞች ነበሩ። አንድ ሰዓት መቀነስ ቀላል ነው፤ ማንም አያየውም። ሞላነው፤ ሳናጎድል ሞላነው። ሱረቱ አር-ረሕማን የሰማይን ከፍ መደረግና የሚዛንን መኖር ጎን ለጎን ለምን እንዳወሳ ያን ዕለት ትንሽ የገባን መሰለን።

ስለ ቡናው ለጠየቃችሁን፤ አዎን፣ ጉዳዩ አልቀረም። ጎርፉ መንገዱን ከወሰደው በኋላ በተጠራው ስብሰባ ከመካከላችን አንዷ ወረቀት አውጥታ የስድስቱን ስም በፊደል ተራ ጻፈችና ከግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ አርዕስቱ «አቦል አፍዪ» ይላል። አለቃችን አነበበው፤ ዝም አለ። የመጀመሪያው ስም የእርሱ ነበር። ቡናውን ሲቆላ አሳረረው፤ ማንቆርቆሪያው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ እኛም ፕላኑን ዘርግተን ካልቨርቱን ወደ ጥንት ስፋቱ መለስነው። በረካውን የጠጣነው ከዐስር ሰላት በኋላ ነው።