ውኃ ስለ ተኛበት መሬትና በጉለሌ ስለሚተከሉ ችግኞች

ክረምት በገባ ጊዜ ከእንጦጦ ጋራ የሚወርደው ጎርፍ ጉለሌን ሰንጥቆ ወደ ቀጨኔ ወንዝና ወደ ሌሎቹ ጅረቶች ሲገባ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ አጥር ሲነቅልና መንገድ ሲሸረሽርም አቤቱታው ወዲያው ለሹም ይደርሳል። ነገር ግን በሜዳውና በጎድጓዳው ስፍራ ጸጥ ብሎ ለሚተኛው ውኃ አቤት የሚል የለም፤ ምንም እንኳ ጥፋቱ ከጎርፉ የማያንስበት ጊዜ ቢኖርም።

ለእርሻ የሚስማማ አፈር ከመጠኑ ግማሽ የሚያህለው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳዎቹም ውስጥ አየርና ውኃ ተካፍለው ይኖራሉ። የተክል ሥር እንደ ማናቸውም ሕይወት ያለው ፍጥረት ይተነፍሳልና ያለዚህ አየር ሊኖር አይችልም። ዝናም በዝቶ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ውኃ በያዛቸው ጊዜ አየሩ መግቢያ ያጣል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚዘልቀው በአየር ውስጥ ከሚዘልቅበት ፍጥነት 10000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። በአፈሩ የቀረውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሮችና በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳት በጥቂት ቀን ይጨርሱታል። ከዚያም ነፍሳቱ በኦክስጅን ፈንታ አስቀድመው ናይትሬት የተባለውን የተክል ምግብ ይይዛሉ፤ እርሱም ወደ ጋዝ ተለውጦ በአየር ይበተናል። ቀጥለውም ወደ ማንጋኒዝና ወደ ብረት ይዞራሉ። ቀይ የነበረው አፈር ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሚመስል መልክ የሚይዘው ብረቱ በዚህ ስለሚለወጥ ነው፤ እንደ ገማ እንቁላል መሽተት ከጀመረ ደግሞ ነገሩ እጅግ ርቋል ማለት ነው። ስለዚህ የመሬቱን ሁኔታ ለማወቅ የፈለገ ሹም አንድ ክንድ ያህል አስቆፍሮ መልኩን ቢያይና ቢያሸት ብዙ ነገር ይረዳል።

ተክሉም የራሱ ምልክት አለው። ናይትሬቱ ስለ ጠፋ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ሥሩም ታፍኖ ውኃ መሳብ ስለሚያቅተው በውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ይህን ያየ አትክልተኛ ተክሉ የተጠማ መስሎት ውኃ ይጨምርበታል፤ ከዚህ የከፋ ርኅራኄ የለም።

የአገራችን ገበሬ ይህን ጠባይ ከጥንት ያውቀዋል። ጤፍ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ውኃ የተኛበትን መሬት ይታገሣልና በጥቁሩ የመረሬ አፈር ላይ ይዘራዋል፤ ሽምብራንና ጓያን ግን ዝናሙ ሲያበቃ አፈሩ በያዘው ርጥበት እንዲበቅሉ አዘግይቶ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹም መካከል ውኃው ይወርዳል። በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዱር ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ ስላለቀ በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ እንዲገባ ሆነ፤ የእንጦጦንም ተዳፋት አለበሰው። ባሕር ዛፍ ውኃ በብዙ የሚጠጣ ዛፍ ነው። በሮማ አጠገብ የሚገኘው የትሬ ፎንታኔ ገዳም መነኮሳት በ19ኛው መቶ ዘመን በስፍራቸው የነበረውን ረግረግ ለማድረቅ የተከሉት ስለዚህ ነበር። አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በሚበልጥ ይዞታው ላይ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች ለመተካት ይደክማል። ሥራው የተመሰገነ ነው። ሆኖም ብዙ ይጠጣ የነበረው ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ተተኪው እስኪያድግ ድረስ ዝቅ ያለው መሬት ከቀድሞው ይልቅ ሊረጥብ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ የሚተከለው በብዛት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይኸውም ዝናሙ በበረታበት ወራት ማለት ነው። በተዳፋት ላይ ይህ መልካም ጊዜ ነው። በሜዳው ሸክላማ አፈር የተቆፈረ ጉድጓድ ግን እንደ ገንቦ ይሆናል፤ ዶማው ግድግዳውን ስለሚያለሰልሰው ከዙሪያው የመጣው ውኃ ይገባል እንጂ አይወጣም። (ገንቦ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ይኸው ሸክላነት መሆኑን የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።) በእንዲህ ያለ ጉድጓድ የገባ ጥድ ወይም ወይራ ሥሩ በስብሶ ይሞታል፤ በመዝገብ ግን የተተከለ ተብሎ ተቈጥሯል። በሜዳው ችግኙን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ መትከል፥ ወይም ከጉድጓዱ በታች በኩል ትንሽ ፈሰስ መቅደድ የአንድ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ውኃ ፈጽሞ ለማይለቀው ስፍራ በወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ይሻላል።

የቆመው ዛፍ በውኃ ሲሞት፥ የተቆረጠው እንጨት ግን ሌላ ሥርዓት አለው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ መሰል ፍጥረት ውኃም አየርም በአንድነት ይፈልጋል። ስለዚህ ፈጽሞ የደረቀ እንጨት አይበሰብስም፤ ፈጽሞ የሰጠመም እንዲሁ ለብዙ ዘመን ይኖራል፤ የቬኒስ ከተማ ሕንጻዎች በጭቃና በውኃ ውስጥ በተቸከሉ ግንዶች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆመዋል። የጣና ታንኳ ግን ከደንገል ስለሚሠራ ውኃ ይጠጣል፤ በተሠራበት ቍጥር ከባሕር አውጥተው ያደርቁታል። የጉለሌ የጭቃ ቤት ወጋግራ የሚበላው ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት በአንድ ስንዝር ላይ ነው፤ በዚያ ስፍራ እርጥበትና አየር ይገናኛሉና። ጫፉን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ዕድሜውን ያራዝመዋል፤ ውኃው ከግድግዳው ሥር ካልተመለሰ ግን ረጅም ጊዜ አይረዳም። ምሰሶው በድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጉዳት ይድናል፤ በአሮጌ አጥቢያዎች ግን በዘመን ብዛት የግቢው አፈር ከፍ ብሎ ድንጋዩን የሸፈነበት ስፍራ ይገኛልና፥ ገበዙ ከሰኔ በፊት አፈሩን አስጠርጎ ድንጋዩ እንዲታይ ማድረግ ይኖርበታል።