ካፍ የወጣ አፋፍ፤ የረስት ቋንቋ ቃሉን የሚጠብቅበት ዘዴ

የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ ከአርት ፋኩልቲ የሆንነው ብዙዎቻችን «ይኸስ የመሐንዲሶች ጕዳይ ነው» ብለን ገጹን እንገልጣለን። ነገር ግን የፕሮግራም ቋንቋም ቋንቋ ነው፤ ሰዋስው አለው፤ ተጠቃሚ ሕዝብ አለው፤ ከሁሉም በላይ በሠሪዎቹና በተጠቃሚዎቹ መካከል የተሰጠ ቃል አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ቃል እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሳይታሰብም እንዳያመልጥ ምን ጥንቃቄ እንደሚደረግ ነው። ምሳሌያችን ረስት የሚባለው ቋንቋ ነው።

የረስት የመጀመሪያው የጸና እትም፣ 1.0 የተባለው፣ የወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሜይ 2015 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሠሪዎቹ የገቡት ቃል፣ በአንዱ የጸና እትም የሠራ ፕሮግራም በሚከተሉት እትሞችም ይሠራል የሚል ነው። አዲስ እትም በየስድስት ሳምንቱ ስለሚወጣ ቃሉ በየስድስት ሳምንቱ ይፈተናል ማለት ነው። ገና በሙከራ ላይ ያለውን ነገር የሚሻ ሰው ናይትሊ በሚባለው፣ በየሌሊቱ በሚዘጋጀው እትም በራሱ ኀላፊነት ይሞክራል፤ በጸናው እትም ግን ያልጸናን ነገር መጠቀም ክልክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ፕሮግራም ሁለት ጊዜያት አሉት። አንደኛው ኮምፓይለር የሰው ጽሑፍን ወደ መኪናው ቋንቋ የሚለውጥበት ጊዜ ነው፤ ይህን የኮምፓይል ጊዜ እንበለው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ተነሥቶ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ለድግስ ጠላው አስቀድሞ እንደሚጠመቅ ሁሉ፣ አንዳንድ ስሌት በኮምፓይል ጊዜ ተሠርቶ ቢያልቅ ይጠቅማል። በረስት ለዚህ የተፈቀደው ፈንክሽን ኮንስት የሚል ቃል ይጻፍበታል።

ጥቅሙን ያህል ኀላፊነቱም ከባድ ነው። በረስት ድርድር የሚባል ነገር አለ፤ ይኸውም በተርታ የተቀመጡ እኩል ሣጥኖች ማለት ነው። የሣጥኖቹ ቍጥር የድርድሩ ዐይነት ክፍል ስለሆነ ባለ 3 ሣጥንና ባለ 4 ሣጥን ድርድር ሁለት የተለያዩ ዐይነቶች ናቸው። እንግዲህ ቍጥሩን የሚያሰላው ኮንስት ፈንክሽን ትናንት 3 ብሎ ዛሬ 4 ቢል፣ ባለቤቱ አንዲት ፊደል ሳይነካ ፕሮግራሙ «አልቀበልህም» ሊባል ነው።

ስለዚህ የረስት መደበኛ ላይብራሪ፣ ማለትም ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው የፈንክሽኖች ግምጃ ቤት፣ ለአንድ ፈንክሽን ሁለት ቃል ለየብቻ ይሰጣል። የመጀመሪያው «ይህ ፈንክሽን አለ፤ ይኖራልም» የሚል ነው። ሁለተኛው «በኮምፓይል ጊዜም ይሠራል» የሚል ነው። ለምሳሌ የአንድን ጽሑፍ ርዝመት በባይት የሚለካው ሌን የተባለው ፈንክሽን የመጀመሪያውን ቃል ያገኘው በ1.0፣ በ2015 ነው። ሁለተኛውን ያገኘው በ1.39፣ በኖቬምበር 2019 ነው። በመካከሉ አራት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ሁለተኛው ቃል ስለምን ዘገየ? በኮምፓይል ጊዜ ፈንክሽኑን የሚያስኬደው መኪናው ራሱ ሳይሆን በኮምፓይለሩ ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ስለሆነ ነው። ይህ አስተርጓሚ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አልተፈቀደለትም። በዲሴምበር 2018፣ በ1.31፣ ኮንስት ፈንክሽን በጸናው እትም ሲፈቀድ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» ማለት እንኳ አይቻልም ነበር። እርሱና ድግግሞሽ የተፈቀዱት በኦገስት 2020፣ በ1.46 ነው። ባለ ነጥብ ቍጥሮች በኮንስት ፈንክሽን ውስጥ ለመግባት እስከ ኦክቶበር 2024፣ እስከ 1.82 ድረስ ጠበቁ። ምክንያቱም «ቍጥር ያልሆነ» የሚባለው የስሌት ውጤት በውስጡ የሚይዛቸው ቢቶች በኮምፓይል ጊዜና በሥራ ጊዜ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ይህ ልዩነት የቃሉ ክፍል እንዳልሆነ በግልጽ ተወስኖ ነው በሩ የተከፈተው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚብስ ስውር አደጋ አለ። የላይብራሪው ጸሐፊዎች ለተራው ተጠቃሚ ያልተፈቀደ መብት አላቸው፤ በጓዳቸው ያልጸናውን ነገር መጠቀም ይችላሉ። በተራ ፈንክሽን ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ውስጡን ነገ በሌላ መንገድ መጻፍ ይቻላልና። በኮንስት ፈንክሽን ግን አስተርጓሚው ገና በሙከራ ያለ ችሎታ ካለው፣ የጸናውም ፈንክሽን በዚያ ከተደገፈ፣ ያልጸናው ነገር በጓሮ በር ወደ ጸናው ዓለም ገባ ማለት ነው። በኋላ ያ ችሎታ ቢቀር ፈንክሽኑን የሚሠሩበት ሌላ መንገድ ላይገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቃልን ማፍረስ፣ ወይም ያላለቀውን ነገር ከነጕድለቱ ለዘለዓለም መሸከም።

መድኀኒቱ የዋስን ሥርዐት ይመስላል። ዋስ የሚሆን ሰው ራሱ የታመነ መሆን አለበት፤ የዋሱም ዋስ እንዲሁ። በረስትም የኮምፓይል ጊዜ ቃል የተሰጠው ፈንክሽን ሊጠራ የሚችለው ለዚሁ የበቁትን ብቻ ነው፤ እነርሱም የሚጠሯቸው እንዲሁ፤ እስከ ታች ድረስ። ተጠቃሚ በቀጥታ የማይጠራቸው ረዳት ፈንክሽኖች እንኳ በተዘዋዋሪ ለመጠራት ብቁ መሆናቸው ይጣራል። ይህ ቍጥጥር በ2024 ተጠናክሮ፣ ሰንሰለቱን የሚከታተለው የሰው ዐይን ብቻ ሳይሆን ኮምፓይለሩ ራሱ ሆኗል። ጸሐፊው ቢዘነጋ ኮምፓይለሩ ያስቆመዋል። በልዩ ምልክት የሚፈቀድ ጥቂት ነገር አለ፤ ነገር ግን ችሎታው ወደፊት እንደሚጸና የታወቀ ወይም ሌላ መውጫ መንገድ ያለው መሆን ይገባዋል፤ ጕዳዩም በዚሁ ሥራ ለተሰማሩት ባለሙያዎች ይቀርባል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ማዘግየት አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሚጠቅም ፈንክሽን በናይትሊ እያለ በጸናው እትም ዓመታት ሲጠበቅ ያሳዝናል። ሆኖም የዘገየ ቃል ነገ ሊሰጥ ይችላል፤ የተሰጠ ቃል ግን ሊመለስ አይችልም። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት የቃልን ክብደት ስለሚያውቁ ነው፤ ክብደቱን የሚያውቅ ደግሞ ከመናገሩ በፊት ይመረምራል።

የረስትን ላይብራሪ ሰነድ የሚከፍት አንባቢ በብዙ ፈንክሽኖች አጠገብ ሁለት የእትም ቍጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ያያል። አንደኛው ፈንክሽኑ የጸናበት ነው፤ ሁለተኛው በኮምፓይል ጊዜ የጸናበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሠሪዎቹ ቃላቸውን ሲመረምሩ የቆዩበት ጊዜ ነው።