በሰው ሠራሽ ጎዳና የሚሠለጥን አሽከርካሪ



ንግግሬን በአንድ ስሌት ልጀምር። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሲል ጠይቆ ነበር፦ አሽከርካሪ አልባ መኪና ሰው ከሚነዳው የባሰ ገዳይ አለመሆኑን በመንገድ ሙከራ ብቻ ለማረጋገጥ ምን ያህል ርቀት መጓዝ አለበት? በአሜሪካ በየ100 ሚሊዮን ማይሉ አንድ ሰው ገደማ ስለሚሞት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር 275 ሚሊዮን ማይል ያለ አንዳች የሞት አደጋ መነዳት ይኖርበታል። 100 መኪኖች ሌት ተቀን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ 12 ዓመት ተኩል ይፈጅባቸዋል። በዚህ መካከል ሶፍትዌሩ ይቀየራል፤ የተቀየረው ሶፍትዌር ደግሞ፣ በጥብቅ ከታየ፣ ሌላ አሽከርካሪ ነው።

ሲሙሌሽን የግድ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። በ1989 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ዲን ፖመርሎ አልቪን የተሰኘውን የነርቭ መረብ ያሠለጠነው በኮምፒውተር በተሠሩ 1,200 የመንገድ ምስሎች ነበር። መረቡ ከዚያ በኋላ በግቢው ጫካ ውስጥ ባለ 400 ሜትር መንገድ መኪናውን በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነዳ። ከሰው እርምጃ ያነሰ ፍጥነት ነው፤ ሆኖም እውነተኛ መንገድ አይቶ ለማያውቅ ተማሪ ቀላል አልነበረም።

ዛሬ በ2017 ይፋ እንደሆነው እንደ ካርላ ያሉ ሥርዓቶች፣ በቪዲዮ ጨዋታ ሞተር ላይ ተመሥርተው፣ ከተማውን፣ ዝናቡን፣ እግረኛውንና የመኪናውን ካሜራ ሁሉ ይፈጥራሉ። ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት የሚወጣን ሕፃን አስቡ። በእውነተኛ መንገድ ይህን መሞከር ወንጀል ነው፤ በሲሙሌሽን ግን የሕፃኑን ፍጥነት፣ የፀሐዩን አቅጣጫ፣ የአስፋልቱን እርጥበት በጥቂት በጥቂቱ እየለወጡ ሺህ ጊዜ መድገም ይቻላል።

የምስሉ ከእውነታው መራቅ የታወቀ ችግር ነው፤ ቀለሙንና ብርሃኑን ሆን ብሎ በማዘበራረቅ በከፊል ይቃለላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጠባይ ጉዳይ ነው።

መጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ግዛት ቴምፒ ከተማ በሙከራ ላይ የነበረ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች በሌሊት መንገድ የምታቋርጥ ሴትን ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ በመኪናው ውስጥ የነበረችው ተቆጣጣሪ መንገዱን አላየችም፤ ሥርዓቱ ግን ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድሞ አይቷት ነበር። አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ይመድባት ነበር፤ ምድቡን በለወጠ ቁጥርም የቀደመውን የጉዞዋን መዝገብ ይጥል ነበር። ከማቋረጫ ውጭ የሚሻገር እግረኛ በንድፉ ውስጥ አልታሰበም። ልብ በሉ፤ ይኸው ግምት ያላቸው ሰዎች በሠሩት ሲሙሌሽን ውስጥ እግረኛው ሁሉ በማቋረጫ ብቻ ስለሚሻገር፣ ያ መኪና ፈተናውን ያልፍ ነበር።

በእኛ ከተሞች ደግሞ ከማቋረጫ ውጭ መሻገር የዘወትር እንጂ ልዩ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የአዲስ አበባን ጎዳና በሲሙሌሽን ለመሥራት የሚነሣ ካለ፣ ሕንፃዎቹን ከመሳሉ በፊት አንድ አደባባይ ዳር ቆሞ ሰው በየት በየት እንደሚሻገር ይቁጠር።