በሐይቅ ዳር ስለ ማረፍ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያገኛት ዕረፍት ወዴት እንደምትሄድ አስተውለው ያውቃሉን? ግማሿ ለዘመድ ሰርግና ለተዝካር፣ ሩቧ ለቦታ ክርክር፣ የቀረችውም ለቤት እድሳት ትውላለች። ባለዕረፍቱም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ከሄደበት ቀን ይልቅ ደክሞ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ የምናወሳው በውሃ ዳር ባለች፣ ጸጥታ በሰፈነባት አነስተኛ ሆቴል ጥቂት ቀን ስለ ማሳለፍ ነው።

የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያስብ እንደ ዛንዚባር ያሉትን የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ያስታውሳል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ የጣና አካባቢ ሰው ሐይቁን «ባሕር» ሲለው ኖሯል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ይህንኑ ይመሰክራል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ 37 ደሴቶች እንዳሉበት ይነገራል። እንግዳው በዳርቻው እያደረ ቀን ቀን በጀልባ ወደ ደሴቶቹ መሻገሩ የተለመደ ነው።

የመንገዱን ሰላም አጣርተው ጉዞዎን ከአምበር ጀመሩ እንበል። ደብረ ማርቆስን አልፈው፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ሐይቁ ይደርሳሉ። የደብረ ማርቆስ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን የጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ከሐይቁ ዳር ሲደርስ አጥፎ ያስቀምጠዋል።

በሆቴሉ በረንዳ ተቀምጠው ሊያስተውሉት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የነፋሱ ሥርዓት ነው። ፀሐይ ስትወጣ የብስ ከውሃ ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃል። በየብስ ላይ ያለው አየር በሙቀት ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር በቦታው ይተካል። ሌሊት ደግሞ የብስ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከየብስ ወደ ውሃ ይነፍሳል። ማለዳ እንደ መስተዋት የረጋው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ማዕበል የሚያነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ መስኮቱ ወደ ሐይቁ የሚከፈት ክፍል ይምረጡ፤ የጀልባ ጉዞዎንም በማለዳ ያድርጉት። ከደንገል የተሠራች ታንኳ የሚቀዝፈውም ሰው ይህን ሥርዓት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የወባ ትንኝ በሐይቁ ዙሪያ ትገኛለች፤ የደጋ ሰው ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውምና ያለ አጎበር አይተኛ። ሁለተኛም፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ስለሚኖሩ፣ በእንዲህ ያለው ዳርቻ ከመታጠብና ከመዋኘት ይቆጠቡ።

ወደ ደሴቶቹ በተሻገሩ ጊዜ የጸጥታን ምሥጢር ያገኙታል። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ከባለቤትዎ ጋር የሚሄዱ እንደ ሆነ በዘጌ ወደምትገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሂዱ። ዘጌ እንደ ደረሱም በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ያያሉ። አበው እንደሚተርኩት በዚያ ምድር በበሬ ማረስ የተከለከለ ነው። ሌላው አገር ሲመነጠር ይህ ደን የቆመው ሥርዓት ጠባቂ ስላገኘ ነው። የገዳሙ ጸጥታም እንዲሁ ከሐይቁ በራሱ የፈለቀ አይደለም፤ በየዘመኑ የተነሡ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን ሰብስበው ያቆዩት ነው።

የትንሿ ሆቴል ጸጥታም ከዚህ አይለይም። በገንዘብ የሚገዛው አልጋው ብቻ ነው፤ ጸጥታውን የሚጠብቀው እንግዳው ነው። ራዲዮኑን ያለ ልክ የሚያስጮህ፣ በስልክ ሲጯጯህ የሚያመሽ፣ የጠጣበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ውሃ የሚወረውር ሰው የመጣበትን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ነገሩ ግን ከእንግድነት ምግባር ይሰፋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ቀጠናነት ተመዝግቧል። ሆኖም በ2003 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ በኋላ ሰፊውን የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ አልብሶት፣ ዓሣ አጥማጁን ከሥራው አስተጓጉሎታል። አረሙን የሚያፋፋው ከእርሻ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚለቀቀው ቆሻሻ ነው። የቆሻሻውን መውረጃ የሚመረምር፣ ለዳርቻው ቦታ ፈቃድ የሚጽፍ፣ ማኅተም የሚያሳርፍስ ማን ነው? ክቡር አንባቢ፣ እንደ እርስዎ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ከዕረፍትዎ ሲመለሱ የደረቀ ዓሣና የዘጌ ቡና ብቻ ይዘው አይምጡ። በማለዳ ያዩትን የረጋ ውሃ በልብዎ ይያዙት። አንድ ቀን ወንዝን ወይም ሐይቅን የሚነካ ጽሕፈት ከጠረጴዛዎ ላይ ሲቀርብ፣ ከመፈረምዎ በፊት ያን ውሃ ያስታውሱት። ያን ጊዜ ዕረፍትዎ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን፣ ከእርስዎ በኋላ በዚያች በረንዳ ለሚቀመጠውም እንግዳ ይተርፋል።