መድኃኒቱ እጢው ዘንድ መድረሱን ማን አየ?

ለጡት ካንሰርና ለሌሎችም ብዙ የካንሰር ዓይነቶች የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን የታመመውን ሕዋስ ከጤነኛው አይለይም። ፀጉር ያረግፋል፣ የደም ሕዋሳትን ያመነምናል። የልብን ጡንቻም ስለሚጎዳ፣ ሐኪሞች አንድ ታማሚ በሕይወት ዘመኑ የሚወስደውን ጠቅላላ መጠን ለመገደብ ይገደዳሉ። በናኖ ቅንጣቶች ላይ ተስፋ የተጣለው ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ዶክሲል፣ ይኸንኑ ዶክሶሩቢሲን 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባላት የስብ ከረጢት ውስጥ የያዘ ነው። ከረጢቷ በጤነኛ የደም ሥር ግድግዳ በቀላሉ አታልፍም። እጢው በችኮላ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ግን ክፍተት የበዛባቸው ናቸው። ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ ትልልቅ ሞለኪውሎች በእነዚህ ክፍተቶች ሾልከው እጢው ውስጥ ይከማቻሉ።

ከዚህ ግኝት ተነስቶ ካንሰርን አነጣጥሮ ስለሚመታ መድኃኒት ብዙ ተብሏል፤ የተባለው ግን ከማስረጃው ቀድሞ የሄደ ይመስለኛል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ትንታኔ፣ ከተወጋው የቅንጣት መጠን እጢው ዘንድ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። ቅንጣቱ ላይ ካንሰሩን የሚለይ አንቲቦዲ መለጠፍም ችግሩን አይፈታም፤ ቅንጣቱ የሚሄደው ደሙ ወደወሰደው ነውና አንቲቦዲው የሚጠቅመው ከደረሰ በኋላ ነው። በከረጢት ያልታሸገው መድኃኒትስ ቢሆን እጢው ዘንድ የሚደርሰው ስንቱ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ትክክል ነው። ዶክሲል ምንም እንኳ መዳፍና የእግር ጫማን ቢያቆስልም፣ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አማካዩ ቁጥር የሚሸፍነው ልዩነት ነው። ኤምኤም-302 የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት በጨረር አመንጪ መዳብ ምልክት አድርገው፣ የጡት ካንሰራቸው በተሰራጨ 19 ታማሚዎች ላይ በፔት ስካን የተከታተሉ ሐኪሞች፣ የሚደርሰው መጠን ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው አካል ውስጥ እንኳ ከእጢ እጢ እጅግ እንደሚለያይ አይተዋል። ብዙ የደረሳቸው ታማሚዎች ሕመማቸው የመባባሱ ዕድል ያነሰ ነበር። ሆኖም ትልቁ የኤምኤም-302 ሙከራ ታማሚዎችን በዚህ ልዩነት ሳይመርጥ ተካሂዶ፣ ውጤት አያመጣም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋረጠ።

ስለዚህ ምስሉ ከሕክምናው መቅደም አለበት ባይ ነኝ፤ ቅንጣቱ የማይደርስለት ሰው መድኃኒቱን ለምን ይሸከም? ወጪው አይቻልም የሚለው ተቃውሞ ለፔት ስካን እውነት ነው፤ ምልክት የሚሆነው መዳብ በ13 ሰዓት ገደማ ግማሹ ስለሚጠፋ በቅርብ መመረት አለበት። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ቅንጣት፣ ፌሩሞክሲቶል፣ ግን ጨረር ሳያስፈልገው በኤምአርአይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ይህን ቅንጣት ይበልጥ የያዙት እጢዎች በከረጢት ለታሸገው፣ አይሪኖቴካን ለተባለው የካንሰር መድኃኒትም የተሻለ ምላሽ ሰጥተዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ የታየ ነገር ሕግ አይሆንም፤ ፌሩሞክሲቶልም አንዳንዴ ብርቱ አለርጂ ስለሚያስነሳ ጥንቃቄ ይሻል። ኤምአርአይ ግን ዛሬ አዲስ አበባም ያለ መሣሪያ ነውና፣ በዚህ መንገድ የሚደረግ ሰፊ ሙከራ የሀብታም አገሮች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።